ዘፋኝ የሌለው አልበምም ይጻፍበት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመዝናኛ ዓምዳችሁ ግጥም የሌለው ሙዚቃ ለእኛ ሰው ጆሮ እንደሚከብድ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ። በፍጹም አልስማማም። አራት ኪሎ አካባቢ ድራም አስተምራለሁ። የወጣቶቹን ጆሮ አውቀዋለሁ።

ማሃቪሽኑ ኦርኬስትራ የሚባል የጃዝ ሮክ ባንድ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙን «ዘ ኢነር ማውንቲንግ ፍሌም»ን እ.ኤ.አ. በ1971 ኒውዮርክ ውስጥ ቀረጸ። ስምንት ሥራዎች አሉት፤ ሁሉንም የደረሰው ጊታሪስቱ ጆን ማክላፍሊን ነው። የሚዘፍን ሰው የለም። እንግሊዛዊው ማክላፍሊን፣ ፓናማ የተወለደው ድራመር ቢሊ ኮብሃም፣ የፕራጉ ልጅ ኪቦርዲስት ያን ሃመር፣ አየርላንዳዊው ቤዚስት ሪክ ሌርድ፣ አሜሪካዊው ቫዮሊኒስት ጄሪ ጉድማን፤ አምስቱም እኩል ይሰማሉ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስደምጣቸው «ዘ ዳንስ ኦፍ ማያ»ን ነው። ጊታሩ እስከ አሥር እየተቆጠረ በሚደጋገም ምት ይጀምራል። መሃል ላይ ባንዱ ብሉዝ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ውስጥ ይገባል፤ ይሄ ብሉዝ ግን የሚቆጠረው በሃያ ነው። ወደ መጨረሻው የመጀመሪያው ዜማ ተመልሶ ብሉዙ ላይ ይደረባል። አሥር ሁለት ጊዜ ሃያ ነውና ልክክ ብለው ይገጥማሉ። እዚች ቦታ ላይ ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው!

ከባድ ነው? ነው። ግን አሥር ማለት ሁለት አምስት ነው። የትግርኛ ጉዋይላ የሚሄደው በአምስት ነው። ሠርግ ላይ እናቶች ሳይቆጥሩ፣ ሳይሳሳቱ ትከሻቸውን ይሰብቁበታል። ችክችካው ደግሞ በስድስት ነው። ይሄን ይዞ ያደገ ሰው ውስብስብ ምት ይከብደዋል ማለት ሰዉን አለማወቅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን ዓለም ያወቀውስ በምን ሆነና? ያለ ድምፃዊ በተሠሩት ሥራዎቹ አይደለም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1998 «ኢትዮፒክስ» በሚባሉት ተከታታይ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች አራተኛ ቅጽ ወጡ፤ በ2005 ደግሞ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገቡ።

ይሄን ሁሉ የምለው ስለሚያንገበግበኝ ነው። የቀድሞ ተማሪዎቼ የራሳቸውን ድርሰት ይዘው የመጀመሪያ አልበማቸውን ቀረጹ። ፒያሳ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንት ምሽት የለፉበት ነው። ለአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ወሰዱት። «ዘፋኙ የታለ?» ተባሉ። በኋላ ከአየር ሁኔታ ዘገባው ሥር እንደ ማጀቢያ ሲለቀቅ ሰማነው። ጋዜጠኛዋ በቤዝ ሶሎው ላይ የሙቀት መጠን ታነባለች። የደራሲውም የተጫዋቾቹም ስም አልተጠራም። ልጆቹ ምንም አላሉም፤ እኔ ግን አንጀቴ አረረ።

ስለዚህ ጋዜጣችሁን የምጠይቀው ይሄን ነው። ስለ ድምፃውያን አልበም በምትጽፉበት ገጽ ላይ ለመሣሪያ ሙዚቃም ቦታ ስጡ። ማን እንደደረሰው፣ ማን ቤዝ እንደተጫወተ፣ ማን ድራም እንደመታ በስማቸው ጻፉ። የዓምዱ ጸሐፊ ፈቃደኛ ከሆኑ ልምምድ ላይ ይምጡ። ከሥራ በኋላ ማታ ማታ እዚያችው የፒያሳ ክፍል ውስጥ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድራም አስተማሪ፣ ከአራት ኪሎ