የክበባት ዘገባ፦ የቁጠባ ክበብ

የክበቡ የዓመቱ ርእስ የእንግሊዝ የፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ታሪክ ነበር። ለአዳማ ተማሪ ሩቅ ይመስላል፤ የተመረጠው ግን ለአሠራሩ ነው።

ሐሳቡን ያመነጨው የሃደርስፊልዱ የባንክ ሠራተኛ ቻርልስ ሳይክስ ሲሆን ሕጉን ለፓርላማ አቅርቦ ያስጸደቀው የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስተን ነው። ባንኩ ሴፕቴምበር 16 ቀን 1861 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ከዚያ ቀደም የነበሩት የቁጠባ ባንኮች በሳምንት ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠሩ ነበሩ፤ በ1849 በሮችዴል እንደታየውም የአስቀማጩን ገንዘብ የሚያጎድል ኃላፊ አይጠፋም ነበር።

አዲሱ ባንክ ይህን የዘጋው በሦስተኛ ወረቀት ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ገቢውን በአስቀማጩ ደብተር ላይ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ የቀን ማኅተም ይመታ ነበር፤ የዕለቱን ሒሳብ ለንደን ላለው ዋና መሥሪያ ቤት ይልካል። ለንደን ደግሞ ለአስቀማጩ በቀጥታ ማረጋገጫ ይልካል። ማረጋገጫው በ10 ቀን ውስጥ ካልደረሰ አስቀማጩ ይጠይቃል። በእኛም ክበብ ገንዘብ ተቀባዩና መዝገብ ያዡ የተለያዩ ተማሪዎች ናቸው፤ ማረጋገጫውን የሚጽፈው መዝገብ ያዡ ነው። ደብተር ላይ ሰፍሮ መዝገብ ላይ የቀረ ገቢ የሚያዘው በዚህች ቁራጭ ወረቀት ነው። 1 እና 7 ተመሳስለው ሲጻፉም እንዲሁ፤ ስለዚህ መጠኑ በፊደልም ይጻፋል።

የወለዱ ስሌት ብዙ ክፍለ ጊዜ ወስዷል። የፖስታ ቤቱ ባንክ ወለድ በዓመት 2.5 በመቶ ነበር፤ ለአንድ ሙሉ ፓውንድ በወር ግማሽ ፔኒ ማለት ነው (ያኔ 1 ፓውንድ 20 ሽልንግ ወይም 240 ፔንስ ነበር)። 7 ፓውንድ ከ19 ሽልንግ ያለው ሰው የሚታሰብለት በ7ቱ ብቻ ነው። ወለዱ የሚጀምረው ገንዘቡ ከገባበት ቀጥሎ ባለው ወር መጀመሪያ ሲሆን የሚያቆመው ገንዘቡ በወጣበት ወር መጀመሪያ ነው። ጃንዋሪ 2 አስገብቶ ማርች 30 ያወጣ የአንድ ወር ወለድ ብቻ ያገኛል፤ አብዛኛው ተማሪ ሦስት ብሎ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ስስታም ሕግ ይመስላል፣ ግን ሁሉም በእጅ በሚሰላበት ዘመን ቀን መቁጠርን አስቀርቷል።

ትንሹ ተቀማጭ 1 ሽልንግ ነበር። ለድሃው ይህም ስለበዛ በ1880 የፖስታ ሚኒስትሩ ፋውሴት 12 የአንድ ፔኒ ቴምብሮች የሚለጠፉበትን ቅጽ አስጀመረ። የእኛ ካርድ 10 ባለ 1 ብር ቦታ አለው። የዱቄት ሙጫ በአዳማ ሙቀት ደርቆ ይረግፋል፤ የወረቀት ሙጫ ይሻላል። የሞላ ካርድ እንደገባ ወዲያው በማኅተም መሰረዝ አለበት፤ አለበለዚያ ቴምብሩ ተልጦ ሌላ ካርድ ላይ ይገኛል።

ለንደን እያንዳንዱን ደብተር በዓመት አንዴ፣ ሒሳቡ በተከፈተበት ቀን፣ አስመጥታ ከመዝገብ ጋር ታመሳክር ነበር፤ ሥራው በዓመቱ ውስጥ ይበተናል። የእኛ ማመሳከሪያ ሰኔ ላይ ከፈተና ጋር ስለሚጋጭ ከመጪው ጥቅምት ጀምሮ እያንዳንዱ አባል ደብተሩን ሒሳብ በከፈተበት ወር ያስረክባል።