ድሩን አትንኪው

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የላክሽልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ግንዱ ላይ የተለጠፈው ቡናማ እራፊ የሚመስል ነገር በሽታ አይደለም፤ የፑሪሪ የእሳት እራት እጭ የቤቱን ደጃፍ የከደነበት ድር ነው። ይህች ፍጥረት ከኒው ዚላንድ ሰሜናዊ ደሴት በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ከሀገሪቱ የእሳት እራቶችም ትልቋ እሷ ናት፤ የሴቷ ክንፍ ሲዘረጋ እስከ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል።

ክዳኑ ከሐርና ከእንጨት ፍርፋሪ የተሠራ ስለሆነ ከቅርፊቱ ለመለየት ያስቸግራል። ከበስተኋላው ያለው ጉድጓድ 7 ቁጥርን ይመስላል፦ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባና ቁልቁል ይወርዳል። እጩ የሚመገበው ግን የቦረቦረውን እንጨት አይደለም። ማታ ማታ ወደ ጉድጓዱ አፍ ይወጣና ዛፉ ቁስሉን ለመድፈን የሚያበቅለውን ለስላሳ ልጥ ይግጣል፤ እንዲህ እያለ ዓመታት ይቆያል፣ አንዳንዱ 5 ዓመት ይሞላዋል። ስለዚህ ልጆቹ በእንጨት እንዳይቆሰቁሱት አደራ! ድሩ ቢቀደድ መልሶ ይሠራዋል፤ እስኪሠራው ድረስ ግን ደጁ ክፍት ነው። ክዳን የሌለው አሮጌ ቀዳዳ ካየሽ ባለቤቱ ወጥቷል፤ ብዙ ጊዜ ዌታ የተባለው ፌንጣ መሰል ነፍሳት ይገባበታል።

የወደቀ የበሰበሰ እንጨትም ከዛፎቹ ሥር ጠርገሽ አትጣይ። እናቲቱ እስከ 2,000 የሚደርስ እንቁላል መሬት ላይ ትበትናለች። የሚፈለፈሉት ጥቃቅን እጮች ዛፍ ከመውጣታቸው በፊት የሚያድጉት የሞተ እንጨት ላይ በሚበቅል ፈንገስ ነው። ሙልጭ ብሎ በጸዳ ግቢ ዛፉ ቢኖርም እነሱ አይኖሩም። ባሕር ዛፍም ውስጥ ይገባሉ፤ ቀጭን ግንድ ከቦረቦሩ ነፋስ ሊሰብረው ይችላል፣ እሱን ጠብቂ።

የእሳት እራቷ በብዛት የምትወጣው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ እናንተ ዘንድ መሞቅ ሲጀምር ነው። ዕድሜዋ 2 ቀን ገደማ ብቻ ነው። የሚበላ አፍ ስለሌላት ስኳር ውሃ አታቅርቢላት፤ የምትኖረው እጭ ሳለች ባጠራቀመችው ስንቅ ነው። የበረንዳሽን መብራት ስትዞር ካደረች ካሏት ሁለት ሌሊቶች አንዱ ባከነ ማለት ነው። መብራቱን አጥፊ፣ ድመቷን አስገቢ። ግድግዳ ላይ ካረፈች ከእግሯ ሥር ወረቀት አስገቢና ጨለማ ውስጥ ካለ ግንድ አስጠጊያት፤ ራሷ ትወጣለች። ክንፏን በጣት እንዳትይዢ፣ አረንጓዴው ብናኝ ይራገፋል።

ክዳኑን በየወሩ ከዚያው ቦታ ፎቶ አንሺልኝ።

እናትሽ