የባትሪው ወጪም ከመሣሪያው ጋር ይታሰብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ግላይደር በሚባሉት ሞተር አልባ አውሮፕላኖች ላይ የግጭት መከላከያ መሣሪያ ይገጠም አይገጠም የሚለው ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚመዘነው የመሣሪያው መሸጫ ዋጋ ብቻ መሆኑ ስለሚያሳስበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት አምስት ሰዎች የተሳፈሩበት ጄት ከአንድ ግላይደር ጋር አየር ላይ ተጋጨ። የግላይደሩ አብራሪ በፓራሹት ወረደ፣ ጄቱም ተጎድቶ አረፈ፤ ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም። ግላይደሩ መኖሩን ለጄቱ የሚያሳውቅ ትራንስፖንደር ተገጥሞለት ነበር፤ አብራሪው ግን ባትሪው ለሬዲዮ እንዲቆይለት ሲል አጥፍቶት ነበር። ሞተር የሌለው አውሮፕላን እየበረረ ባትሪውን የሚሞላለት ጄኔሬተር ስለሌለው፣ ለመሣሪያው ከፍሎ ለባትሪ መሰሰት ገንዘቡን ከንቱ ያደርገዋል።

በዓይን አይቶ መራቅ ይበቃል የሚሉ አብራሪዎችን ልምድ አከብራለሁ። ይሁንና ሁለት ግላይደሮች እያንዳንዳቸው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ፊት ለፊት ሲመጡ በመካከላቸው ያለው አንድ ኪሎ ሜትር በ12 ሰከንድ ያልቃል፤ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ደግሞ አንድ አብራሪ ሌላውን አውሮፕላን አይቶ አቅጣጫ እስኪቀይር 12.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚፈጅበት ይገምታል። በዚያ ላይ ግላይደር ከፊት ሲታይ ቀጭን ነጭ መስመር ነው፤ ለግጭት የሚመጣውም መስተዋቱ ላይ ወዲያ ወዲህ ሳይል እንደተለጠፈ ነጥብ ስለሚቆይ ዓይን ሳያስተውለው ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ስዊዘርላንድ ውስጥ ለገበያ የቀረበው ፍላርም የተባለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ችግር ነው። በጂፒኤስ ያገኘውን ቦታና ቀጥሎ የሚሄድበትን መስመር በየሰከንዱ ገደማ በሬዲዮ ያሰራጫል፤ ከፍታ ለማግኘት ወደ ላይ በሚወጣ ሞቃት አየር ውስጥ አብረው ለሚዞሩት ግላይደሮች ሁሉ ሳይጮኽ፣ መስመራቸው ሊገናኝ ሲል ያስጠነቅቃል። ሆኖም በዋናነት የሚያየው ተመሳሳይ መሣሪያ የያዘውን ነው፤ አንዱ ሲገዛ ጎረቤቱም ይጠበቃል፣ አንዱ ሲቀር የሁሉም ጥበቃ ይሳሳል። ስለዚህ ወጪውን በየባለቤቱ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። አብራሪው ማሳያው ላይ አፍጥጦ ውጭውን ይረሳል የሚለው ስጋት እውነተኛ ቢሆንም፣ በሥልጠና የሚታረም ነው።

የግላይደር አብራሪዎች ክለቦች መሣሪያውን በጋራ ይግዙ፤ ረጅሙን በረራ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰውን ተጨማሪ ባትሪና የሶፍትዌር እድሳቱንም በዚያው በጀት ያስይዙ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ