ወሰኑ ብቻውን ቤት አይሠራም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት የቬንቹራ ካውንቲ (ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር) የእርሻ መሬት ሕግ ሲነሳ «ግንባታ ይከለክላል» የሚሉ አሉ። አይከለክልም። የሚቀይረው ወሳኙን ነው፤ ለእርሻ ወይም ለክፍት ቦታ የተመደበን መሬት ሰፈር ለማድረግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአምስቱ የካውንቲው ቦርድ አባላት የሦስቱ ድምፅ አይበቃም፤ ሕዝብ ይጠየቃል።

በ1998 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሕግ በ2020 ያበቃ ነበር፤ በ2016 ግን እስከ 2050 ታደሰ። ቀድሞ መታደሱ ደግ ሆነ። ማብቂያው ሲቃረብ መሬት በምርቱ ሳይሆን ነገ በሚቆምበት ቤት ዋጋ ይተመናል። ተከራይ ገበሬም ለፍሬ ዓመታት የሚፈጅ አቮካዶ አይተክልም፤ በዓመቱ የሚለቀም እንጆሪ ይመርጣል።

የወሰኑ፣ ማለትም ከተማ ወደ እርሻ መሬት እንዳይስፋፋ የሚገድበው የዚህ ሕግ፣ ደጋፊዎች (እኔም አንዱ ነኝ) የምንዘነጋው ግን አለ። በካውንቲው ከተሞች፣ በኦክስናርድና በካማሪዮ ውስጥ፣ ፎቅ ካልተፈቀደ ቤት ፈላጊው ወሰኑን ዘሎ ሌላ ካውንቲ ይገባል፤ መኪናው በየጠዋቱ ለሥራ ይመለሳል። የሌላዋ የአሜሪካ ግዛት፣ የኦሪገን፣ ሕግ ከተሞች በወሰናቸው ውስጥ ለ20 ዓመት የሚበቃ የቤት መሬት እንዲይዙ ያስገድዳል። በቬንቹራም የታደሰው ወሰን ከዚህ ስሌት ጋር ይሂድ፦ በባቡር ጣቢያዎቹ ዙሪያና ገበያቸው በቀዘቀዘ የንግድ ማዕከላት ቦታ ላይ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ ይፈቀድ።