የኖኅ መርከብ ረጠበ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጅማ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር ለሕፃናት የመጽሐፍ ቅዱስ ማስተማሪያ ሥዕልና ካርድ እየሠራን እንሸጣለን። ትልቋ ልጃችን ትስላለች፣ ትንሹ ሙጫ ይቀባል (ግማሹ ጣቱ ላይ ይቀራል)። ኦርቶዶክሱ 81፣ ፕሮቴስታንቱ 66 መጻሕፍት ስለሚቆጥር ዝርዝሩን ሁለት ዓይነት አድርገን ነው የምናዘጋጀው። ካርቶኑ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ባለፈው ክረምት ያሳተምነው ጥቅል መንገድ ላይ ረጥቦ ደረሰና የኖኅ መርከብ ከነእንስሳቱ ተጨማደደ፤ ሳቅን፣ ኪሳራው ግን አላሳቀንም። ሹፌሩ «ዝናቡን እኔ አላዘነብኩት» ብሎኝ ሄደ።

ይባስ ብሎ «የእግዚአብሔር ቃል እንዴት ይሸጣል?» የሚሉን አሉ። ቃሉንማ ማን ሸጠ? የምንሸጠው ካርቶኑን ነው። ማተሚያ ቤቱ እንደሆነ ለመንፈሳዊ ሥራ ብሎ ዋጋ አይቀንስ! እስቲ የወረቀትን ዋጋ ነገር ጋዜጣችሁ ላይ አንሱልን።

ከጅማ