የበጎ አድራጎት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ጠግቤያለሁ» ያሉን እናት

መስከረም ላይ 41 ተማሪ ተመዝግቦ ነበር። ኅዳር ላይ 23 ቀረን። የሄዱት አብዛኞቹ ሚኒ ሚዲያ ገብተዋል። አልፈርድባቸውም፤ ማይክ ከድስት ይቀላል።

ዓመቱን ሙሉ የያዝነው ሥራ አንድ ነው። በወር ሁለት ቅዳሜ ሆስፒታል ግቢ ለሚያድሩ አስታማሚዎች ምሳ ማድረስ። ጎንደር ለሕክምና የሚመጣው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከመተማ ይመጣል፣ ከቋራ ይመጣል፣ ከአርማጭሆና ከጃናሞራ ይመጣል። በሽተኛው አልጋ ያገኛል። አስታማሚው ግን ቤቱ ኮሪደሩና ሳሩ ነው። የያዛት ስንቅ በሦስተኛው ቀን ታልቃለች።

ሐሳቡን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት። እኛ አገር ሰው ሲታመምም ሲሞትም ደራሽ አያጣም። ዕድር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ጀመዓው አለ። እሷ ታዲያ በስብሰባ መሀል እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ዕድር የሚደርሰው ስሙ መዝገብ ላይ ላለ ሰው አይደል? ስሙ የማንም መዝገብ ላይ የሌለውስ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ሳምንት መዋጮ ጀመርን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ተበላሸብን። ጥቅምት ነበር። ልጆቹ «ሽሮ ይዘን ብንሄድ ሰው ይታዘበናል» ብለው ሥጋ ወጥ አሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። የወሩ መዋጮ በአንድ ድስት አለቀ። በሁለት ባጃጅ ጭነን ሄድን።

ከግቢው አጥር ሥር አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ከመተማ ነው የመጡት፤ ልጃቸው ውስጥ ተኝቶባቸዋል። ሰሃኑን ስናቀርብላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና «ይጨምርላችሁ ልጆቼ፤ ጠግቤያለሁ» አሉ። እኛም አመስግነን ወደ ቀጣዩ ሰው አለፍን። ትንሽ እንደሄድን አንዱ ተማሪ ጃኬቴን ከኋላ ሳብ አደረገው።

«ቲቸር፣ አልጠገቡም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ቅድም በጀሪካን ውዱእ ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ። ሥጋው የክርስቲያን ነው።»

ይህ ልጅ ከሌሊት ጀምሮ ሽንኩርት ሲልጥ የነበረ ነው። ድስቱንም ከባጃጁ ያወረደው እሱ ነው። እሱም ከዚያ ወጥ እንደማይቀምስ ከመካከላችን ያሰበ ሰው አልነበረም። በኋላ «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው «አልጠየቃችሁኝም» አለ። ሮጦ ሄዶ ሁለት ዳቦና ሻይ በላስቲክ ይዞ መጣ። እናትየዋ ቢስሚላህ ብለው ሁለቱንም ዳቦ ቀና ሳይሉ በሉ።

አንዱ የባረከውን ሥጋ ሌላው እንደማይበላ እዚህ አገር የማያውቅ የለም። ወላጆቻችን ሰርግ ሲደግሱ ይህን ይችሉበታል። ለሙስሊም ጎረቤታቸው ሙስሊም ያርዳል፤ ድስቱ ለብቻ፣ መቀመጫው ለብቻ ይሆናል። ሙስሊሙም ሲደግስ ለክርስቲያኑ እንዲሁ ያደርጋል። ወጣት ሳለሁ ይህን መለያየት አድርጌ ነበር የማየው። አሁን ግን እንግዳው ሳይሳቀቅ እንዲበላ የታሰበ ነገር ይመስለኛል። የተማርነው ሰዎች ነን ይህን የረሳነው።

ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሆነ። አንዳንዴ ምስር፣ አንዳንዴ ድንች በጎመን። የታዘበን ሰው አላጋጠመንም።

ጥር ላይ ከታሪክ መምህራችን ጋር ጎንደር ውስጥ ያለው አዲስ ዓለም ሰፈርና ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ መንደር ሄድን። ልጆቹ እንደ ሽርሽር ነበር ያዩት። አዲስ ዓለም ስንደርስ ግን ይህ ሰፈር እንዴት የሙስሊም ሰፈር እንደሆነ ሰሙ። እ.ኤ.አ. ከ1667 እስከ 1682 የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ እንዲኖር አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ቤተ እስራኤልንም ይጨምራል። ወለቃ ላይ ደግሞ ከመንገዱ ዳር የሸክላ ሥራ ይሸጣል። የመንደሩ ቤተ እስራኤሎች አሁን የሉም፤ የጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ሄደዋል። በዘመናቸው ማሰሮውንም ማረሻውንም ለአካባቢው የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። ገበሬው በማረሻቸው ያርሳል፣ በማሰሯቸው ይቀቅላል፤ ማታ ደግሞ «ቡዳ ናቸው» ብሎ ልጁን ይሸሽጋል። አንዷ ተማሪ አንድ ትንሽ ድስት አንሥታ እያገላበጠች «በሠሩት ድስት እየበላን ነው የምንፈራቸው?» አለች። ሻጯ ዋጋ የጠየቀቻት መስሏት ዋጋውን ነገረቻት።

የተማርነውን በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ አቅርበናል። ስለ ነጃሺም ተነሥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱትን የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች የአክሱሙ ንጉሥ እንደተቀበለ። ጥሩ ታሪክ ነው። ችግሩ ሁላችንም እሱን ጠቅሰን መቀመጣችን ነው።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገቡ። ሁዳዴ የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22። ምሳ የሚበላ ሰው ቀነሰብን። ከዚያ ሽንኩርት ላጩ ልጅ «ማታ እናድርገዋ!» አለ። ሳምቡሳ በምስር፣ ቴምር፣ የአጃ ሾርባ። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፤ ጾመኛው ሁሉ ሊበላው ይችላል። መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሄድን። ክርስቲያኖቹ ልጆች ቀደም ብለው መብላት ይችሉ ነበር። አልበሉም። ማንም አላዘዛቸውም። አዛኑ እስኪሰማ ትሪውን ከበው ዝም ብለው ተቀመጡ፤ አንዱ ሆዱ ሲጮህ ሁሉም ሳቀ። አንድ ከጃናሞራ የመጡ አባት መጀመሪያ ቴምሩን አንሥተው ለተማሪዎቹ አደሉ፤ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው። «ለእናንተ ነው ያመጣነው አባባ» ብንላቸውም አልሰሙንም።

ስንመለስ መሽቶ ስለነበር ወላጆች ተቆጥተዋል። ልክ ናቸው። ሁለተኛ ጊዜ አላደረግነውም።

በመንገድና በፈተና ምክንያት አምስት ቅዳሜ ቀርቶብናል። ሰኔን ሙሉ አልሠራንም። ለ2018 ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ሽንኩርት ላጩ ልጅ ነው። ያለችን ድስት አንድ ጆሮዋ ተነቅሏል፤ በጨርቅ ይዘን ነው የምናወርዳት። ሰብሳቢው ለትምህርት ቤቱ ባስገባው ደብዳቤ ሁለት ድስት ጠይቋል።