የአይስላንድ እሳት ከስንጥቅም ይወጣል

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ ስለ አይስላንድ እሳተ ገሞራዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ አብሮት የታተመው ሥዕል ቅር አሰኝቶኛል። ሥዕሉ የሚያሳየው አናቱ የተቆረጠ ሾጣጣ ተራራ ነው። እንዲህ ያለ ተራራ በዚያች ደሴት ባይጠፋም፣ ቅልጥ ዓለቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከተሰነጠቀ ምድር ነው፤ ዝነኛው ሄክላ እንኳ በጀርባው በሚሄደው ስንጥቅ ምክንያት እንደ ተገለበጠ ታንኳ የረዘመ ነው።

ምክንያቱ የደሴቲቱ አቀማመጥ ነው። አይስላንድ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ከባሕር በላይ ብቅ ያለበት ስፍራ ስትሆን፣ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የምድር ቅርፊት ንጣፎች በእርሷ ላይ በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ምድር እየተሳበች ስትከፈት ደግሞ ከሥር ያለው ቅልጥ ዓለት ክፍተቱን ተከትሎ ይወጣል።

ጽሑፋችሁ በአንድ መስመር ያለፈው ላኪ (Laki) የተባለው እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ለዚህ ዋናው ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1783 ምድር 27 ኪሎ ሜትር ያህል ተሰንጥቃ፣ በስንጥቁ ላይ ከተደረደሩ ከ100 የሚበልጡ አፎች ቅልጥ ዓለት ለ8 ወራት ያህል ሲወጣ ቆየ። ሕዝቡን የፈጀው ግን በዋናነት ፍሰቱ ሳይሆን አብሮት የወጣው ጋዝ ነበር፤ በጋዙ ውስጥ የነበረው ፍሎሪን ሣሩን መርዞ በጎቹንና ከብቶቹን በብዛት ስለ ፈጀ፣ በተከተለው ረሃብ የአገሪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛ ያህል አለቀ። ይህን በክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ እሳቱ ከመጠየቃቸው በፊት ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽ ለምን እንዳልተነዳ ይጠይቁኛል። የገበሬ ልጆች ናቸውና አልፈርድባቸውም፤ መልሱ ጭጋጉ ከአገሩ አልፎ እስከ አውሮፓ መድረሱ ነው።

በረዶውም ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1996 በቫትናዮኩትል ግግር በረዶ ሥር የፈነዳው እሳት ያቀለጠው ውኃ ከሳምንታት በኋላ በድንገት ወጥቶ ድልድይ ጠርጎ ወስዷል፤ በ2010 የአውሮፓን በረራ ለቀናት ያስተጓጎለው የኤያፍያላዮኩትል አመድም እንዲያ የደቀቀው በከፊል ቅልጥ ዓለቱ ከበረዶ ውኃ ጋር በመገናኘቱ ነው። በሬይካኔስ ባሕረ ገብ መሬት ደግሞ ከ800 ዓመታት ገደማ ዝምታ በኋላ በ2021 እንደገና እሳት ወጥቷል፤ በጥር 2024 በግሪንዳቪክ ከተማ ጠርዝ የተከፈተ ስንጥቅም ቤቶችን አቃጥሏል።

እኔ የምኖረው በደጀን ነው። ከከተማችን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሰው፣ ከኖራ ድንጋዩ በላይ ተነባብሮ የሚታየውን ጥቁር ድንጋይ ሳያስተውል አይቀርም። ይህ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በአብዛኛው ከስንጥቆች ወጥቶ እንደ ጎርፍ የተንጣለለ ቅልጥ ዓለት ነበር፤ የጎጃም አንባቢ ላኪን በዓይነ ኅሊናው ለመሳል ከሾጣጣው ተራራ ይልቅ ይህ ገደል ይቀርበዋል። እንግዲህ ወደ ጉዳዩ የምትመለሱበት ጊዜ ካለ፣ የላኪ አፎች በአንድ መስመር ተደርድረው የሚታዩበትን ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ቢቻል ከአባይ ገደል ፎቶግራፍ ጎን፣ እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጂኦግራፊ መምህር፣
ደጀን፣ ምሥራቅ ጎጃም